አንድ የዘረመል ቀጠና፣ ሁለት ሕመሞች፦ የኤች ኤል ኤ ልዩነት በሩማቶይድ አርትራይተስና በወላይታው ፖዶኮኒዮሲስ ያለው ክሊኒካዊ ትርጉም

በዳሞት ጋሌ ወረዳ ዋና ከተማ በቦዲቲና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚታረሰው መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ዐለት መፈራረስ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ነው። እንሰቱንም፣ ስኳር ድንቹንም፣ በቆሎውንም አብቅሎ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረውን ሕዝብ የሚመግበው ይኸው አፈር፣ ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚረግጠው ሰው ላይ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያስከትላል። ይሁን እንጂ ሁሉንም አያሳብጥም። በአንድ ጎጆ ያደጉ፣ አንድ ማሳ የቆፈሩና በልጅነታቸው ጫማ ያላወቁ ሁለት ወንድማማቾች ለአካለ መጠን ሲደርሱ የአንደኛው እግር አብጦ ቆዳው እየሻከረ ሲሄድ የሌላው ጤነኛ እንደሆነ ይቀራል። ልዩነቱን አፈሩ ብቻውን ሊያስረዳው አይችልም።

ለዚህ ጥያቄ የተገኘው መልስ ያመለከተው ቀጠና ከበሽታው ጋር ዝምድና የሌለው በሚመስል በሌላ ሕመም፣ ማለትም በሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ለአሥርተ ዓመታት ሲጠና የኖረ ነው። ቀጠናው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው የኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ሕመሞች መካከል ያለውን ተመሳሳይነትና ልዩነት መሠረት በማድረግ፣ በወላይታ የተገኘው የዘረመል ውጤት ለሐኪሙ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለሕመምተኛው ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ያብራራል።

ከመገጣጠሚያ ሕመም የተገኘ ትምህርት

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ አካሉን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ በማጥቃቱ የሚመጣ ሥር የሰደደ ብግነት ነው። በዓለም ላይ ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ ግማሽ እስከ አንድ የሚሆኑትን ይይዛል። በፊንላንድና በብሪታንያ መንትዮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት በሽታው የመወረስ መጠኑ 60 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ይህ አኃዝ ግን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ቢታመም ሌላውም የሚታመመው ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ብቻ ነው። የመወረስ መጠን በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ በዘረመል እንደሚገለጽ የሚለካ እንጂ የአንድን ግለሰብ ዕጣ የሚናገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፒተር ስታስትኒ ዲ አር 4 የተባለው የኤች ኤል ኤ ዓይነት በሕመምተኞቹ ላይ በርከት ብሎ እንደሚገኝ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፒተር ግሬገርሰንና ባልደረቦቹ ለበሽታው የሚያጋልጡት የዲ አር ቢ 1 አሌሎች ስማቸው ቢለያይም በአንድ ስፍራ ላይ፣ ከ70ኛው እስከ 74ኛው ባለው የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት፣ ተመሳሳይ እንደሆኑ አመለከቱ። ይህ «የጋራ ኤፒቶፕ» በመባል ይታወቃል። ስፍራው የዋዛ አይደለም። የኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ፕሮቲን በመሐሉ እንደ ቦይ ያለ ጎድጓዳ አለው፤ የፕሮቲን ቁራጮችን በዚያ ይዞ ለቲ ሴሎች ያቀርባል። እንግዲህ የቦዩ ቅርጽና ኤሌክትሪካዊ ሙል የትኛው ቁራጭ እንደሚቀርብና የትኛው እንደሚታለፍ ይወስናል። የጋራ ኤፒቶፕ ያለው ቦይ አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የያዘውን ቁራጭ ሲገፋ፣ አርጂኒኑ ወደ ሲትሩሊን የተለወጠበትን ግን ተቀብሎ ያቀርባል።

ሲትሩሊኑን የሚያበዛው ምንድን ነው? አንዱ መልስ የሲጋራ ጭስ ነው። በስዊድን የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የላርሽ ክላሬስኮግና የባልደረቦቹ ጥናት፣ የጋራ ኤፒቶፕን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ አጫሽ፣ ኤፒቶፑ ከሌለውና ከማያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር ሲትሩሊንን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ለሚገኙበት የበሽታው ዓይነት ያለው ተጋላጭነት 21 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ዘረመሉ ብቻውን ወይም ጭሱ ብቻውን ያን ያህል አያደርስም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉልበት ያበዛል። ሲጋራ ብቻም አይደለም። በሲሊካ አቧራ ውስጥ የሚሠሩ የማዕድንና የድንጋይ ሥራ ሠራተኞች ለዚሁ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ታውቋል። የደቀቀ ማዕድን የመከላከያ ሥርዓትን ሊያስቆጣ እንደሚችል ከመገጣጠሚያ ሕመም የተማረ ተመራማሪ፣ ከአፈር የሚነሣ የእግር ብግነት ቢያጋጥመው ብዙ አይደነቅም።

ከአፈር ወደ ዘረመል

ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ በስፋት ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ቃሉ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ፕራይስ በሕመምተኞች የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ከአፈር የመጡ የሲሊካ ቅንጣቶችን አገኘ፤ በሽታው በወባ ትንኝ አማካይነት ከሚተላለፈው የፊላሪያ ዝሆኔ የተለየ መሆኑንም አረጋገጠ። ልዩነቱ ዛሬም በክሊኒክ ያገለግላል፦ ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቆማል፣ ሁለቱንም እግሮች እኩል ባይሆንም ይይዛል፤ የሚገኘውም የትል አስተላላፊ ትንኞች በማይበዙበት ደጋና ወይና ደጋ ነው። ብዙ ያልተነገረለት ግን ሌላው ሥራው ነው። ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ በበሽታው ውስጥ የዘር ድርሻ ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። አባባሉን ለመፈተን የሚያስችል መሣሪያ ያን ጊዜ አልነበረም፤ ጥያቄው ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ጠበቀ።

በዚህ መካከል የበሽታው ስፋት ተለካ። በወላይታ ዞን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የደስታና የባልደረቦቹ ቅኝት የስርጭቱ መጠን 5.46 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ዞን የወጣ ሌላ ጥናት ሕመምተኞች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን ያህል እንደሚያጡ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ በሚኖርበት ዞን በየዓመቱ የሚደርሰው ኪሳራም ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አሰላ። በመላው አገሪቱ የተሠራው የካርታ ጥናት በበኩሉ በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል አዋቂዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል።

የዘረመሉን ጥያቄ እንደገና ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የጌይል ዴቪና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። በሽታው በተደጋጋሚ የታየባቸውን 59 ቤተሰቦች እስከ ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ በመቁጠር፣ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት ከአጠቃላዩ ሕዝብ 5.07 እጥፍ መሆኑንና የመወረስ መጠኑም 0.63 ያህል መሆኑን አገኙ። ከሩማቶይድ አርትራይተሱ 60 በመቶ ጋር ያለው ቅርበት ዓይን ይስባል፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ ሕዝቦችንና ሁለት የተለያዩ የስሌት መንገዶችን የሚመለከት በመሆኑ ከአጋጣሚ በላይ ክብደት ሊሰጠው አይገባም። ይልቅ ትኩረት የሚሻው በዚሁ ስሌት ውስጥ ዕድሜና ጫማ ማድረግ ጉልህ ሚና ያላቸው ሆነው መገኘታቸው ነው። የዘር ቆጠራው ራሱ ስለ ጫማ ተናገረ ማለት ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የፋሲል ተኮላ አየለና የባልደረቦቹ የሙሉ ጂኖም ቅኝት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ጥናቱ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተገኙ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አነጻጸረ፤ ከዚያም የተገኘው ምልክት በ202 የአባት፣ የእናትና የልጅ ሦስትዮሾች ላይ ተፈተነ። ሁለተኛው ፈተና ቸል የሚባል አይደለም። ሕመምተኞችንና ጤነኞችን ብቻ ማነጻጸር ሁለቱ ቡድኖች በትውልድ ሐረጋቸው ጥቂት ቢለያዩ እንኳ ሐሰተኛ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። በሦስትዮሽ ፈተና ግን የሚነጻጸረው ወላጅ ለታመመው ልጁ ያስተላለፈው አሌል ካላስተላለፈው ጋር ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የማንም ጎሳ አባል ቢሆን ስሌቱ አይዛባም።

በዚህ መንገድ ጎልቶ የወጣው በኤች ኤል ኤ ዲ ኪው ኤ 1 ዘረመል አቅራቢያ የሚገኘው አር ኤስ 17612858 የተባለው ነጥብ ነው። ኦድስ ሬሾ በመባል የሚታወቀው የተጋላጭነት ንጽጽር 2.44 ሆነ፤ ዝምድና ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከአንድ ቢሊዮን ከሁለት ያነሰ ነው። በ94 ሕመምተኞችና በ94 ጤነኞች ላይ የኤች ኤል ኤ ዓይነት በቀጥታ ሲለይ ደግሞ ዲ አር ቢ 1*07:01፣ ዲ ኪው ኤ 1*02:01 እና ዲ ኪው ቢ 1*02:02 የተባሉት አሌሎች ተጋላጭነትን ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚጨምሩ ታየ።

አንድ ጥናት ግን አንድ ጥናት ነው፤ በአራት መቶ ሰዎች ላይ የቆመ ግኝት ሳይደገም መታመን የለበትም። ድግግሞሹ እ.ኤ.አ. በ2021 ተገኘ። በገብረሥላሴና ባልደረቦቹ የተመራው ሁለተኛው ቅኝት ወላይታን ብቻ ሳይሆን አማራንና ኦሮሞንም ጨምሮ 1,892 አዳዲስ ተሳታፊዎችን አካተተ። ያንኑ የኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ቀጠና መልሶ አገኘው፤ ከዚያ ቀጠና ውጭ ግን ሌላ አዲስ ስፍራ አላገኘም። በዚህ ጊዜ ቀዳሚው ነጥብ በዲ አር ቢ 1 አቅራቢያ ያለው አር ኤስ 9270911 ሲሆን ኦድስ ሬሾው 1.53 ነበር። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ማነሱ የሚያሳዝን አይደለም። በአነስተኛ ናሙና መጀመሪያ ጎልቶ የወጣ ምልክት በትልቅ ናሙና ሲፈተን ዝቅ ማለቱ በዘረመል ጥናት የተለመደ ነው፤ ለእውነቱ የሚቀርበውም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ይልቅ ክብደት ያለው ነገር በቋንቋና በትውልድ በተለያዩ ሦስት ሕዝቦች አንዱ ቀጠና መደገሙ ነው። በሽታው «የወላይታ ዘር» በሽታ አይደለም፤ ጎጃምም ሆነ ወለጋ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ አንዱ አሠራር ይሠራል።

ማዕድን ለቲ ሴል እንዴት ይታያል?

የኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት ፕሮቲን የሚያቀርበው የፕሮቲን ቁራጭ ከሆነ፣ ቀይ አፈር በዚህ ውስጥ ምን አገባው? ይህ ጥያቄ በበሽታው ላይ ለሚሠሩ የባዮሎጂ ተማሪዎች ከሁሉ የሚያጓጓው ነው። የሚያግዘው ምሳሌ የሚገኘው ከሩማቶይድ አርትራይተስ ይልቅ በቤሪሊየም ብረት ፋብሪካዎች ከሚታየው ሥር የሰደደ የሳንባ ብግነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሉካ ሪከልዲና ባልደረቦቹ በዚህ በሽታ የሚያዙ ሠራተኞች በብዛት በኤች ኤል ኤ ዲ ፒ ቢ 1 ፕሮቲን 69ኛ ስፍራ ላይ ግሉታሚክ አሲድ እንዳላቸው አሳዩ። ኋላ በተሠሩ የመዋቅር ጥናቶች ብረቱ በዚያ አሲድ አካባቢ በቦዩ ውስጥ ተሸሽጎ እንደሚቀመጥና ቁራጩን ሳይተካ መልኩን ብቻ እንደሚለውጥ ታየ። ቲ ሴሉ የሚያየው እንግዲህ ራሱን ማዕድኑን ሳይሆን በማዕድን የተለወጠውን የገዛ አካሉን ፕሮቲን ነው።

ይህ አሠራር በፖዶኮኒዮሲስ ላይ በቀጥታ መሥራቱ የተረጋገጠ አይደለም፤ የምርምር መላ ምት ሆኖ ግን ጠቃሚ ነው። የሚፈተንበት መንገድም ግልጽ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደ የአፈር ጥናት በሽታው ከሚበዛባቸው ቦታዎች ጋር ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት ዝምድና አሳይተዋል። እነዚህ ማዕድናት ዲ አር ቢ 1*07:01 ያላቸውንና የሌላቸውን ሰዎች ሴሎች በተለያየ መጠን ያስቆጡ እንደሆነ በቤተ ሙከራ መመርመር ይቻላል። የ2012ቱ ጥናት ጸሐፊዎች ያቀረቡት ማጠቃለያም ወደዚሁ ያዘነብላል፦ በሽታው በቲ ሴል የሚመራ ብግነት ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ለመቶ ዓመት ያህል እንደ መሸሻ የሌለው የእግር መበላሸት ሲታይ የኖረው ሕመም ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር በአንድ ምዕራፍ ሊጠና ነው።

ውጤቱ በክሊኒክ ምን ያገለግላል?

ከዚህ ግኝት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ በደም ምርመራ ተጋላጩን መለየት ነው። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም አያዋጣም። ቁጥሩን በቀላል ምሳሌ መመልከት ይበቃል። አሌሉ ከሌላቸው መቶ ሰዎች አራቱ ቢታመሙና አሌሉ ያላቸው ተጋላጭነታቸው እጥፍ ቢሆን፣ አሌሉ ካላቸው መቶ ሰዎች የሚታመሙት ስምንት ያህል ናቸው። ዘጠና ሁለቱ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። በአንጻሩ «ነጻ ነህ» የተባለው ቡድንም አራት ሕመምተኛ ይወጣለታል፤ ውጤቱን ተማምኖ ጫማውን የጣለ ከሆነማ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ሩማቶይድ አርትራይተስም ቢሆን በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጪ ነው፦ በዘረመሉ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከተመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዓለም አቀፍ የመለያ መስፈርት በደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ቢያካትትም የኤች ኤል ኤ ምርመራን አላካተተም። የጋራ ኤፒቶፕ ያላቸው ሕመምተኞች መገጣጠሚያቸው ይበልጥ እንደሚጎዳ እየታወቀ እንኳ ሐኪሙ የሚያዘው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራን ነው።

ስለዚህ የወላይታው ግኝት ክሊኒካዊ ትርጉም ያለው ከቤተ ሙከራው ይልቅ በሕመምተኛ ካርዱ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 5.07 እጥፍ ቁጥር ከማንኛውም የአሌል ምርመራ የበለጠ ይናገራል። በወላይታ ከተለካው 5.46 በመቶ ስርጭት ጋር ቢባዛ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት ዕድል ከአራት አንድ ያህል ይደርሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ጥናቶች የመጡ በመሆናቸው ስሌቱ ግምት ነው፤ አቅጣጫው ግን አያሻማም። አንድ ሕመምተኛ እግሩ አብጦ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «ወንድሞችህስ? ልጆችህስ? ጫማ አላቸው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያም አያስፈልገውም፤ የሚደርሰው ግን እግራቸው ገና ያላበጠ፣ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በሚጀምርበት በሁለተኛውና በሦስተኛው አሥር ዓመት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆችና ወጣቶች ዘንድ ነው።

ለታመመውም ሰው ቢሆን ዘረመሉ የተስፋ መቁረጫ ምክንያት አይሆንም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የታተመው ሙከራ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ ማድረግና ጫማ መጫማት የሚያንገላታውን የትኩሳትና የሕመም ግርሻ እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ቅናሹ ከአምስት አንድ ያህል ነው። ቁጥሩ ትልቅ ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሕመምተኞቹ በዓመት ከሃያ የማያንስ ጊዜ በግርሻ የሚወድቁ መሆናቸው ሲታሰብ በዓመት አራት አምስት የግርሻ ጊዜያት መቅረታቸው በእርሻ ወቅት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። በወላይታ ደግሞ ይህንኑ ዓይነት እንክብካቤ እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ የተመሠረተው የሞሲ ፉት ድርጅት፣ መንግሥት በሽታውን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዕቅዱ ውስጥ ከማስገባቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል።

«የዘር ነው» የሚለው ቃል

የዘረመል ውጤት ወደ መንደር ሲወርድ ባዶ ቦታ ላይ አያርፍም። በወላይታ ገጠር በሽታው በቤተሰብ እንደሚመላለስ ሕዝቡ ከተመራማሪዎች አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠርም ይነሣል። ጤነኛ የሆነች እኅት የወንድሟ እግር በማበጡ ብቻ ትዳር ሊቀርባት ይችላል። በዚህ አካባቢ የምርምር ባለሙያ መጥቶ «ዘረመላችሁን ልንመረምር ነው» ቢል ቤተሰቡ የሚሰማው የሩቅ ሳይንስ ሳይሆን የቅርብ ክስ ነው።

ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ የጂኖም ቅኝቱ ከመታተሙ ሦስት ዓመት አስቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ባወጧቸው የሥነ ምግባር ጥናቶች ይህንኑ ነገር በቀጥታ መዝግበዋል። ሰዎች የዘረመል ጥናት በቤተሰባቸው ላይ ያለውን መገለል ያባብሳል ብለው ይሰጉ ነበር። ስለዚህ የፈቃድ መጠየቂያው ሂደት ለአካባቢው እንዲስማማ ተደረገ፤ በገለጻውም ዘር ብቻ ሳይሆን አፈርና ጫማም ጎልተው እንዲነገሩ ተመከረ። ይህ ቅድመ ጥናት ከጂኖም ቅኝቱ ባልተናነሰ መጠናት ይገባዋል፤ በአገራችን የዘረመል ምርምር ለሚጀምሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከማንኛውም የስሌት ሶፍትዌር ቀድሞ ሊነበብ የሚገባው እርሱ ነው።

ቃል አመራረጡ በጤና ላይም ያስከተለው ውጤት ተለክቷል። የደስታ አዮዴና የባልደረቦቹ የ2012 ጥናት በአራት የገጠር ማኅበረሰቦች 242 አዋቂዎችን ስለ በሽታው መንሥኤ ጠይቆ መልሳቸውን በሦስት መደባቸው፦ ዘር ብቻ ነው የሚሉ፣ ዘር የለበትም የሚሉ፣ ዘር ከሌሎች ምክንያቶች አንዱ ነው የሚሉ። የእምነቱ ዓይነት ሰው በሽታውን መከላከል እችላለሁ ብሎ ማሰቡን ይወስናል፤ ይህም ጫማ ማድረጉንና የታመመ ሰው ማራቁን ይነካል። ዘር ብቻ ነው ብሎ ያመነ ሰው ለልጁ ጫማ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ዘር የለበትም የሚለው ደግሞ ለልጆቹ ያለውን ከሌላው የከበደ አደጋ አያይም። ሦስተኛው መልስ፣ ማለትም ዘሩም አፈሩም ናቸው የሚለው፣ ከሳይንሱ ጋር የሚስማማውም ለጤና የሚጠቅመውም እርሱ ነው። ሁለቱ እንዲህ መገጣጠማቸው ሁልጊዜ የሚሆን አይደለም።

የሩማቶይድ አርትራይተስ ሐኪሞች ለአጫሽ ቤተሰብ የሚሰጡት ምክር በዚህ ረገድ ወደ አማርኛም ሆነ ወደ ወላይትኛ ሊመለስ የሚገባው ነው። «ቤተሰባችሁ ለዚህ ሕመም ያዘነብላልና እናንተ ከሌላው አብልጣችሁ ሲጋራ ተዉ» ይላሉ፤ ዘሩን የሚጠቅሱት ለመከላከያው ክብደት ለመስጠት እንጂ ለመፍረድ አይደለም። በቦዲቲ ዙሪያ የሚሠራ የጤና ባለሙያ በሲጋራው ፈንታ አፈርን፣ በመተዉ ፈንታ ጫማን ቢተካ አባባሉ ሳይለወጥ ይሠራል። ባለሙያው ራሱ በሽታው እንደማይተላለፍ ማመን ግን ይኖርበታል። በዚሁ ዞን ባሉ የጤና ባለሙያዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በርካቶቹ ፖዶኮኒዮሲስን ተላላፊ መስሏቸው ሕመምተኛን ለመንካት እንደሚፈሩ አሳይቷል። የዘረመል ግኝቱ ፈጥኖ ሊያገለግል የሚችልበት አንዱ ቦታ እንግዲህ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ክፍል ነው፦ በኤች ኤል ኤና በማዕድን መገናኘት የሚመጣ ብግነት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።

ጫማ ራሱ የራሱ ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ ደጋ ገጠር በጫማ አጠቃቀም ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ሰዎች ጫማ ቢኖራቸው እንኳ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለእንግድነት ያቆዩታል እንጂ በጭቃ እርሻ ውስጥ አያደርጉትም፤ በዝናብ ወራት ይበላሻል፣ ለማረስ አይመችም፣ ያበጠ እግርም በገበያ ላይ ካለው ቁጥር አያገኝም። አፈሩ ከቆዳ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ግን በእነዚሁ ሰዓታት ነው። ስለዚህ ለሕመምተኛ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠው ጫማ ለማሳ የሚሆን ጫማ መሆን ይኖርበታል፤ ከጫማው ጋርም ከእርሻ መልስ እግር የሚታጠብበት ውኃ ያስፈልጋል።